የጥይት መሰባሰብ ምንድን ነው? የቆየ የአደን ጠመንጃ ኢላማ ስለሚስትበት ምክንያት

ፒያሳ፣ ከአራዳ ጊዮርጊስ ብዙም በማይርቅ አሮጌ ቤት ውስጥ፣ አጎቴ ሁለት ወረቀቶችን ከረከቦቱ አጠገብ ዘርግተው የትኛው የተሻለ አተኳኮስ እንደሆነ ጠየቁኝ። ሁለቱም ወረቀቶች በአንድ ጠመንጃ፣ አደን በፈቃድ በሚካሄድበት ስፍራ፣ ከ100 ሜትር ርቀት በአምስት አምስት ጥይት የተበሱ ናቸው። በመጀመሪያው ላይ አምስቱም ቀዳዳዎች አንድ የቡና ሲኒ ቢደፋባቸው ይሸፈናሉ፤ ነገር ግን ከመሃሉ ክብ አንድ ጋት ያህል ወደ ግራ ዝቅ ብለዋል። በሁለተኛው ላይ አንዱ ጥይት የክቡን እምብርት በስቶታል፤ የቀሩት አራቱ ግን ከስንዝር በላይ ተራርቀው ወዲያና ወዲህ ተበትነዋል። አጎቴ የሚኮሩት በሁለተኛው ነበር። የተሻለው ግን የመጀመሪያው ነው።

የጥይት መሰባሰብ፣ ብዙ ተኳሾች «ግሩፕ» የሚሉት፣ አንድ ጠመንጃ በአንድ ነጥብ ላይ ተነጣጥሮ ምንም ነገር ሳይለወጥ ደጋግሞ ሲተኮስ አረሮቹ እርስ በርስ የሚቀራረቡበት መጠን ነው። የሚለካውም እጅግ የተራራቁት ሁለት ቀዳዳዎች ከመሃል እስከ መሃል ባላቸው ርቀት ነው። በተለያየ ርቀት የተተኮሱትን ለማወዳደር ሲፈለግ መጠኑ በማዕዘን ይገለጻል፤ የአንድ ዲግሪ ስልሳኛ የሆነው የማዕዘን ደቂቃ በ100 ሜትር ላይ 2.9 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ በ200 ሜትር ላይ ደግሞ የዚያን እጥፍ ይሆናል። በሲኒ የተሸፈነው የአጎቴ ወረቀት በዚህ ስሌት ሁለት ደቂቃ ገደማ ነው፤ ለቆየ የአደን ጠመንጃ የሚያሳፍር ውጤት አይደለም።

መሰባሰብን ከመምታት ለይቶ ማየት ያስፈለገው የሁለቱ ጉድለቶች መድኃኒት ስለሚለያይ ነው። ጥይቶቹ አንድ ላይ ሆነው ከመሃል ከራቁ ጥፋቱ የማነጣጠሪያው ነውና ማነጣጠሪያውን በሚፈለገው መጠን ማዞር ይበቃል። ከተበተኑ ግን ማነጣጠሪያውን ቢያዞሩት የሚንቀሳቀሰው ብትኑ ነው እንጂ አይሰበሰብም። ከእያንዳንዱ ጥይት በኋላ ካቻቪቴ ይዘው የመነጽሩን ብሎን የሚያሽከረክሩ ሰዎች፣ በእኔ ግምት፣ ከጠመንጃው እርጅና ይልቅ የበዛ ጥይት የሚያባክኑት በዚህ ምክንያት ነው።

ጠመንጃ ሲተኮስ ቧንቧው ይርገበገባል፣ ብረቱም በእንጨቱ ላይ ወደ ኋላ ይገፋል። ጥይቶቹ እንዲሰባሰቡ ከእያንዳንዱ ተኩስ በኋላ ሁሉም ነገር ወደ ነበረበት ቦታ መመለስ አለበት። ስለዚህ የብትን ምክንያት ሲፈለግ መጠየቅ ያለበት «ከአንዱ ጥይት ወደ ሌላው ምን ተለወጠ?» የሚለው ነው። በአሮጌ ጠመንጃ ላይ ደግሞ በመጀመሪያ የሚጠረጠሩት እንጨቱና ብረቱን ከእንጨቱ ጋር የሚያስሩት ብሎኖች ናቸው።

የአጎቴ ጠመንጃ በ1903 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የወጣው የማንሊኸር ሾነወር የአደን ምንሽር ነው። ምንሽር የሚለው ስም ራሱ ማንሊኸር ከሚለው የኦስትሪያዊ ነዳፊ ስም ተጠርቦ አማርኛ የገባ ነው፤ ፉዚል ግራ የተባለው የፈረንሳይ ጠመንጃ ውጅግራ እንደተባለው ሁሉ። የዚህ ጠመንጃ አጭሩ ዓይነት እንጨቱ እስከ አፈሙዙ ጫፍ ድረስ ይዘልቃል። ውበቱም ችግሩም ከዚሁ የሚመጣ ነው። እንጨት እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ክረምቱን በአዲስ አበባ ጭቃ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የከረመ ጠመንጃ በጥቅምት ሲወጣ እንጨቱ ቧንቧውን በአንድ ጎን ሊገፋው ይችላል። ሁለተኛው ወረቀት የተተኮሰው ከክረምት ማግስት መሆኑን የሰማሁት ቆይቼ ነው።

ጠመንጃው ባዶ መሆኑ ተረጋግጦ ብረቱ ከእንጨቱ ሲላቀቅ፣ ቧንቧው በሚያርፍበት ቦይ ውስጥ፣ በቀኝ በኩል፣ እንደ አውራ ጣት ጥፍር የሰፋ የሚያብለጨልጭ ጥቁር ምልክት ታየ። ብረትና እንጨት የተፋተጉበት ቦታ ነው። እንጨታቸው አጭር በሆነ ጠመንጃዎች ላይ ይህን ሳያላቅቁም መፈተሽ ይቻላል፤ አንድ የአሥር ብር ኖት በቧንቧውና በእንጨቱ መካከል አስገብተው ወደ ኋላ ሲጎትቱት የሚይዘው ቦታ ካለ ንክኪ አለ ማለት ነው። እስከ ጫፍ የሚዘልቀውን እንጨት ግን አፈሙዙ ላይ የብረት ቆብ ስለሚያስረው ፈጽሞ ከንክኪ ነጻ ማድረግ አይቻልም፤ የሚፈለገው ንክኪው በሁለቱም ጎን እኩል እንዲሆንና እንዳይለዋወጥ ነው። ያ ምልክት ያለበት ቦታ በብርጭቆ ወረቀት በጥቂቱ ተፍቆ፣ የቦይው ውስጥ በተልባ ዘይት ተቀባ። የተልባ ዘይት እርጥበትን ያዘገያል እንጂ አያግድም፤ በየዓመቱ መደገም አለበት። ብሎኖቹም ላልተው ስለነበር እኩል ተጠበቁ።

ቀጥሎ የሚመጣው የቧንቧው ውስጥ ነው። አረሮች የሚለበሱት መዳብ አረሩን እያሽከረከረ በሚያስወጣው የቧንቧው ጠመዝማዛ ቦይ ላይ ቀስ በቀስ ይለጠፋል፤ አሞኒያ ባለበት ማጽጃ የራሰ ጨርቅ ገብቶ ሲወጣ አረንጓዴ ሰማያዊ ከሆነ መዳብ አለ ማለት ነውና ጨርቁ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ይደገማል። ብዙዎቹ የቆዩ ጥይቶች ደግሞ በማቀጣጠያቸው ውስጥ ፖታሲየም ክሎሬት ስለነበራቸው ከተኩስ በኋላ ጨው ይተዋሉ። ጨው እርጥበት ይስባል፣ ቧንቧውንም ያዝጋል። ይህን ጨው ዘይት አያሟሟውም፤ የሚያወጣው ውኃ፣ በተለይም ትኩስ ውኃ ነው፤ ከዚያ ደርቆ ዘይት ይቀባል። በዘይት ብቻ ተወልውሎ የተቀመጠ ጠመንጃ ውስጡ በዝገት ተበልቶ የሚገኘው ለዚህ ነው። የማጽጃውን ዘንግ ከአፈሙዙ በኩል ሲያስገቡ የኖሩ እንደሆነም አረሩ በመጨረሻ የሚላቀቅበት የአፈሙዙ ጠርዝ በአንድ ጎን ተበልቶ ይገኛል፤ ይህ ፈቃድ ባለው ባለሙያ እጅ በቶርኖ እንደገና የሚቆረጥ ነው። የጦር መሣሪያ መያዝንም ሆነ መጠገንን የሚገዛው አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሆኑን ማስታወስ ይገባል።

ጥይቱ ራሱ ግን ከሁሉ ይልቅ ይረሳል። በዚህ ምንሽር ቧንቧ ውስጥ ያለው ቦይ በየ200 ሚሊ ሜትሩ አንድ ሙሉ ዙር ይዞራል፤ የተሠራውም 10.4 ግራም ለሚመዝን ረጅምና ጫፉ ድቡልቡል ለሆነ የ6.5 ሚሊ ሜትር አረር ነው። አጭርና ቀላል አረር ከቀለሁ ወጥቶ ቦዩን እስኪይዝ ድረስ ብዙ ክፍተት ስለሚዘል አንዳንዱ ቀጥ ብሎ፣ አንዳንዱ ጥቂት ዘንበል ብሎ ይገባል። አጎቴ ያስቀመጧቸውን የተተኮሱ ቀለሆች ገልብጬ ግርጌያቸው ላይ ያለውን የፋብሪካ ምልክት ሳይ፣ የሁለተኛው ወረቀት አምስት ጥይቶች በሦስት የተለያዩ ፋብሪካዎች የተሠሩ ሆነው አገኘኋቸው። «ጥይት ያው ጥይት አይደለም እንዴ?» አሉኝ፤ ለዚህ ጠመንጃ አይደለም።

የቦታ ከፍታም ይነሳል። ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነችው አዲስ አበባና በመሰል ደጋዎች አየሩ ስስ ስለሆነ አረር ፍጥነቱን ቶሎ አያጣም፤ በቆላ የተስተካከለ ጠመንጃ በደጋ፣ በተለይ በረጅም ርቀት፣ ከፍ ብሎ ሊመታ ይችላል። ይህ ግን ጥይቶቹን ሁሉ አብሮ የሚያነሣ እንጂ የሚበትን አይደለም፤ ስለዚህ የማነጣጠሪያው ጉዳይ ነው። ተደጋግሞ በተተኮሰ ቀጭን ቧንቧ ላይ የሚታየው መዋለል ሌላ ነው፤ ብረቱ ስለሚግል ነውና በየጥይቱ መሃል እንዲቀዘቅዝ ጊዜ መስጠት ይበቃል።

በታኅሣሥ አጎቴ ሦስተኛ ወረቀት ይዘው ተመለሱ። አምስቱም ጥይቶች ከአንድ ካርቶን የወጡ ናቸው፤ ሲኒው ተደፍቶባቸው አራቱ ሙሉ በሙሉ ተሸፈኑ፣ አምስተኛው ከከንፈሩ ሥር በግማሽ ታየ። ከመሃሉ ክብ ግን አሁንም አንድ ጋት ወደ ግራ ዝቅ ብለዋል። ካቻቪቴውን ከመሳቢያ አውጥቼ ሰጠኋቸው፤ ማነጣጠሪያውን መንካት የሚገባው አሁን ነው።