ዓመቱን በዝምታ የሚቀበሉት የኩዌከር ትምህርት ቤቶች

ለእንቁጣጣሽ ጥቂት ቀናት ሲቀሩ አሜሪካ ያሉ፣ ኩዌከር የሚባሉ ክርስቲያኖች ያቋቋሟቸው ትምህርት ቤቶችም ተማሪ መቀበል ይጀምራሉ። ረጅም የመክፈቻ ንግግር ግን አትጠብቁ። ተማሪው፣ አስተማሪው፣ የቢሮ ሠራተኛው ሳይቀር አንድ አዳራሽ ይገባና ዝም ብሎ ይቀመጣል።

አግዳሚ ወንበሮቹ ብዙ ጊዜ ፊት ለፊት የሚተያዩ ናቸው። በአንዳንዶቹ ትምህርት ቤቶች ትልልቆቹ ተማሪዎች አዲስ የገቡትን ሕፃናት እጃቸውን ይዘው ያስገቧቸዋል። ከዚያ ጸጥ ይላል። ለትንንሾቹ ያጥራል፣ ለትልልቆቹ ግማሽ ሰዓትና ከዚያም በላይ ሊሆን ይችላል። ተናገር ተናገር ያለው ሰው ብድግ ይላል፣ ባጭሩ ተናግሮ ይቀመጣል፤ የ6 ዓመት ልጅም ቢሆን። መልስ የሚሰጠው የለም፣ የሚያጨበጭብለትም የለም። ሲያበቃ ሁሉም አጠገቡ ያለውን ይጨብጣል። በቃ፣ ዓመቱ ተጀመረ።

ኩዌከሮች፣ በሌላ ስማቸው የወዳጆች ማኅበር፣ በ17ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በጆርጅ ፎክስ ስብከት እንግሊዝ ውስጥ የተነሱ ክርስቲያኖች ናቸው። በየሰው ውስጥ የእግዚአብሔር ብርሃን አለ ይላሉ። ልጅ ሲናገር አዋቂው የሚያዳምጠው ለዚህ ነው። በብዙዎቹ ትምህርት ቤቶች ተማሪ አስተማሪውን በስሙ ብቻ ይጠራል፤ «ቲቸር» እያለ ላደገ ሰው ይከብዳል፣ እዚያ ግን የአክብሮት ጉድለት አይደለም።

ትምህርት ቤቶቻቸው የቆዩ ናቸው። ፊላደልፊያ ያለው ዊልያም ፔን ቻርተር በ1689 እ.ኤ.አ. ተመሠረተ፣ እንግሊዝ ያለው አክዎርዝ በ1779፣ ፍልስጤም ውስጥ ያለው የራማላው በ1869። የቢል ክሊንተንና የባራክ ኦባማ ልጆች የተማሩበት የዋሽንግተኑ ሲድዌል ፍሬንድስ ደግሞ በ1883።

ይህ የማዳመጥ ልማድ አዲስ ርዕሰ መምህር ሲመረጥ ይበልጥ ይታያል። በኩዌከር ልማድ ውሳኔ በድምፅ ብልጫ አይወሰንም። ክለርክ የሚባለው ሰብሳቢ የሁሉንም ሐሳብ ያዳምጣል፣ ስብሰባው ወዴት እያዘነበለ እንደሆነ ይናገራል፣ ቅሬታ ያለው ካለ ቆም ይባላል፣ እንደገና ዝም ይባላል። ጊዜ ይፈጃል፣ አንዳንዴም ያታክታል። እኔ ግን ከ51 ለ49 አሸናፊነት ይሻላል ባይ ነኝ፣ ምክንያቱም አዲሱ ኃላፊ ሥራ ሲጀምር የተሸነፈና ያኮረፈ ግማሽ አይጠብቀውም። ብዙውን ጊዜ ሥራውን የሚረከበው ሐምሌ ላይ፣ ግቢው ጭር ባለበት ሰዓት ነው። ከልጆቹ ጋር በደንብ የሚተያየው በዚያ የመጀመሪያ ዝምታ ላይ ነው፤ እንደማንኛውም ሰው አግዳሚው ላይ ተቀምጦ።

ሁሉም ነገር ግን ያማረ አይደለም። ስለ እኩልነት የሚያስተምረው ሲድዌል ጥቁር ተማሪዎችን መቀበል የጀመረው በ1956 እ.ኤ.አ. ነው፤ በጣም የዘገየ ነው። አሜሪካ ያሉት አብዛኞቹ ዛሬም ክፍያቸው የሚቀመስ አይደለም። የነፃ ትምህርት ዕድል ይሰጣሉ፣ ቢሆንም ለአዲስ ርዕሰ መምህር ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ ይኸው ይመስለኛል፤ ብርሃኑ በሁሉም ውስጥ ካለ፣ በሩ ለእነማን ነው የተከፈተው?

ዝምታውም የሁሉም ኩዌከር ልማድ አይደለም። ብዙ ኩዌከር ያለው ኬንያ ውስጥ ነው። ሚሲዮናውያኑ ካይሞሲ የደረሱት በ1902 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ዛሬ በምዕራብ ኬንያ ብዙ ትምህርት ቤቶች የወዳጆችን ስም ይዘዋል። እዚያ አምልኮው መዝሙርና ስብከት አለው፣ የትምህርት ዘመኑም የሚጀምረው በጥር ነው።