የስካይዳይቪንግ ሃርነስ፦ አለካኩና በሰውነት ላይ አቀማመጡ

ሃርነስ ዘላዩን ከፓራሹቱ ጋር የሚያያይዘው የቀበቶ ስብስብ ነው። ከሁለቱ ትከሻዎች ይወርዳል፣ ደረት ላይ ይታሰራል፣ ሁለቱን ጭኖች ይዞራል። ጀርባ ላይ ካለው ቦርሳ ጋር አብሮ የተሰፋ ነው። ቦርሳውን ዘላዮች «ኮንቴይነር» ይሉታል፤ ጅቡቲ ወደብ ከሚራገፈው ጋር ግን አይገናኝም። ውስጡ ዋናው ፓራሹትና መጠባበቂያው ይታጠፋሉ።

በአማርኛ ፓራሹት ሲነሳ ብዙ ሰው የሚያስበው አየር ወለድን ነው። የወታደሩ ዕቃ ለሁሉም እንዲሆን ተደርጎ ይሠራል፤ ዛሬ አንዱ፣ ነገ ሌላው አጥብቆ ወይም አላልቶ ይለብሰዋል። የስፖርት ዘላይ የራሱ ሃርነስ ግን እንደ ሙሉ ልብስ በልክ ይሰፋል።

የዘመናዊው ዝላይ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚጀመረው እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 28 ቀን 1919 ነው። በኦሃዮ፣ ዴይተን አጠገብ በሚገኘው ማኩክ ፊልድ ሌስሊ ኧርቪን ከአውሮፕላን ዘሎ በራሱ እጅ ፓራሹቱን ከፈተ። ሲያርፍ ቁርጭምጭሚቱ ተሰበረ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ስፖርተኞች ከሠራዊት የተረፈውን ዕቃ ገዝተው ይዘሉ ነበር።

ትልቁ ለውጥ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ነው። እስከዚያ ድረስ ዋናው ፓራሹት ጀርባ ላይ፣ መጠባበቂያው ሆድ ላይ ይታሰር ነበር። የተበላሸ ፓራሹት ለመጣል ደግሞ በሁለቱ ትከሻ ያሉትን ከባድ የብረት መቆለፊያዎች መክፈት ያስፈልግ ነበር። አሜሪካዊው ዘላይ ቢል ቡዝ የሶስት ቀለበቱን ማላቀቂያ ሠራ። ሶስት ቀለበቶች አንዱ በሌላው ውስጥ ያልፋሉ፤ እያንዳንዱ ጭነቱን ይቀንሳል። መጨረሻ ላይ የሚቀረውን ኃይል አንዲት የክር ቀለበትና ቀጭን ገመድ ይይዙታል። አንድ እጀታ ሲሳብ ሁለቱም ትከሻ ባንዴ ይለቃል። ቀላል ነገር ይመስላል፤ ስንቱን ዘላይ ግን ለቤተሰቡ መልሷል። መጠባበቂያውም ከሆድ ተነስቶ ጀርባ ላይ ሲደረብ ሃርነሱ ቀለለ፣ ብረቱ ቀነሰ፣ ልክ መስፋትም የተለመደ ሆነ። የቡዝ ድርጅት ቀድሞ ሪላቲቭ ወርክሾፕ፣ አሁን ዩናይትድ ፓራሹት ቴክኖሎጂስ ይባላል። ቬክተር የተባለውን ሃርነስ የሚሠራው በፍሎሪዳዋ ዴላንድ ነው። ዴላንድ ትንሽ ከተማ ናት፤ በዚህ ሙያ ግን ስሟን የማያውቅ የለም። ጃቬሊን የተባለው ሃርነስ በሰሜን ካሮላይና ሬፈርድ ይሰፋል። አሪዞና ኢሎይ ያለው ሪጊንግ ኢኖቬሽንስ የተባለ አምራችም አለ።

ጀማሪ ሁለት ልኮችን ያምታታል። የኮንቴይነሩ ልክ የሚወሰነው ውስጡ በሚታጠፉት ፓራሹቶች መጠን ነው። የሃርነሱን ልክ የሚወስነው የሰውየው አካል ነው። ስለዚህ ያገለገለ ዕቃ የሚገዛ ሰው «ፓራሹቱ ይበቃኛል» ብሎ ብቻ ከከፈለ ተሸውዷል።

ዋናው ልኬት ከትከሻ ፊት ካሉት ቀለበቶች እስከ ዳሌ የሚወርደው ተሸካሚ ቀበቶ ርዝመት ነው። «17 ኢንች ነኝ» የሚል ዘላይ ከሰማችሁ ስለዚህ እያወራ ነው። ቁመትና ክብደት ብቻውን አይበቃም። ቁመታቸው እኩል ከሆነ ሁለት ሰዎች አንዱ እግረ ረጅም፣ ሌላው ወገበ ረጅም ሊሆን ይችላል። አምራቹ የደረት፣ የወገብ፣ የጭንና የውስጥ እግር ልክ ይጠይቃል። ከሁሉ የሚከብደው የቶርሶው ነው፤ ከጉሮሮ ስር ካለችው ጎድጓዳ እስከ ብሽሽት ይለካል። ሰው ራሱን ሲለካ ጎንበስ ስለሚል ልኩ ይሳሳታል። በስስ ልብስ ሆኖ ሌላ ሰው ይለካው፤ ቢቻል ሪገር። ሪገር ማለት ፓራሹት ለማጠፍና ለመጠገን ፈቃድ ያለው ባለሙያ ነው፤ ዓይኑ ከሜትሩ ቀድሞ ያያል።

መስታወት ፊት ያማረ ሃርነስ አየር ላይ ሌላ ነው። ፓራሹቱ ሲከፈት ክብደት ሁሉ ጭን ላይ ያርፍና ሃርነሱ ወደ ላይ ይወጣል። ስለዚህ እውነተኛው ፈተና ተንጠልጥሎ ማየት ነው። ቆመው ሲለብሱት ቀለበቶቹ ከአንገት ስር ካለው አግዳሚ አጥንት ዝቅ ብለው ቢቀመጡ ጥሩ ነው። ተሸካሚው ቀበቶ ከረዘመ ቀለበቶቹ ወደ ጆሮ፣ የደረት ቀበቶውም ወደ ጉሮሮ ይሸሻል። በቀኝ ያለው የዋናው ማላቀቂያና በግራ ያለው የመጠባበቂያው እጀታ እጅ ከለመደው ቦታ ይርቃሉ። ካጠረ ደግሞ ትከሻ ይጎብጣል፣ ብሽሽት ይቆረጣል። ከዳሌ ወደ ኮንቴይነሩ የሚሄዱት የጎን ቀበቶዎች ከላሉ ቦርሳው ከጀርባ ይለያል። ፓራሹቱ ሳይከፈት አየር ላይ እንደ ተቀመጠ ሰው ሆነው ለሚወርዱ ዘላዮች ሁለቱን የጭን ቀበቶዎች ከኋላ የሚያያይዝ ላስቲክ ይጨመራል፤ አለዚያ ቀበቶው ወደ ጉልበት ይንሸራተታል።

ዳሌ ላይ ቀለበት ያለው ሃርነስ ይሻላል ወይስ የሌለው? ቀለበቱ የሚሰጠው የመተጣጠፍ ምቾት አያከራክርም። ልክን ይተካል የሚሉ ግን ተሳስተዋል።

በአሜሪካ ሃርነሱና መጠባበቂያው የአቪዬሽን መሥሪያ ቤቱን ደረጃ ማሟላት አለባቸው፤ ዋናው ፓራሹት ግን አይገደድም። መጠባበቂያው በየ180 ቀኑ በሪገር ይታጠፋል፤ እስከ እ.ኤ.አ. 2008 ድረስ 120 ቀን ነበር። ተሸካሚውን ቀበቶ ማሳጠር ወይም ማስረዘም የአምራቹ ወይም ከፍተኛውን ፈቃድ የያዘው የማስተር ሪገር ሥራ ነው። የሰፈር ልብስ ሰፊ መርፌ እዚህ አይገባም፤ ከማስተር ዝቅ የሚለው የሲኒየር ሪገር ፈቃድም አይበቃም።

ብዙ ሐበሻ ሃርነስን የሚያውቀው ዱባይ ፓልም ጁሜይራ ላይ ከአስተማሪ ጋር ተጣምሮ ሲዘል ነው። የተሳፋሪው ሃርነስ በሁሉም በኩል ይስተካከላል፣ ምክንያቱም በቀን ብዙ ሰው ይለብሰዋል። አስተማሪው መሬት ላይ ያጠብቀዋል፣ ከመዝለሉ በፊት አውሮፕላን ውስጥ እንደገና ያጠብቀዋል። አንዳንዱ ተሳፋሪ «አመመኝ» ብሎ እንዲላላለት ይለምናል። ተሳፋሪ ከሃርነሱ ሾልኮ ሊወጣ የደረሰባቸው አጋጣሚዎች ስለነበሩ፣ የጭን ቀበቶዎቹን ከኋላ የሚያያይዝ የዋይ ቅርጽ ያለው ተጨማሪ ቀበቶ በአንዳንዶቹ ላይ ተሰፍቷል። ልመናው የሚሰማው ፓራሹቱ ከተከፈተ በኋላ ነው፤ ያኔ አስተማሪው ሁለቱን የሚያያይዘውን የታችኛውን መንጠቆ ትንሽ ለቀቅ ያደርግለታል።