ላይብረሪው ተጭኖ ሳለ «አልተገኘም» የሚባለው ለምንድን ነው?

በኡቡንቱ ወይም በዴቢያን (ሁለቱም የሊኑክስ ስርጭቶች ናቸው) ላይ ኦፕንኤስኤስኤል የተባለው የምስጠራ ላይብረሪ (ፕሮግራሞች የሚጋሩት የተዘጋጀ ኮድ) ተጭኖ፣ ሌሎች ፕሮግራሞችም ያለ ችግር እየተጠቀሙበት፣ አንድን ፕሮግራም ከምንጭ ኮዱ ለመገንባት ሲሞከር ግን «ላይብረሪው አልተገኘም» የሚል መልእክት ሊመጣ ይችላል። መልእክቱ አሳሳች ነው፤ የመገንቢያ መሣሪያው ዲስኩን በሙሉ አይፈትሽም። ላይብረሪ የት እንዳለ ለመገንቢያ መሣሪያው የሚነግረው ፒኬጂ-ኮንፊግ የሚፈልገው ላይብረሪውን ራሱን ሳይሆን ስሙ በ«.ፒሲ» የሚያልቅ አነስተኛ የጽሑፍ ፋይል ሲሆን፣ በውስጡም የላይብረሪው ስሪት፣ የሄደር ፋይሎቹ (የላይብረሪውን ተግባራት ለኮምፓይለሩ የሚያስተዋውቁ ፋይሎች) ማውጫ እና ለሊንከሩ (ፕሮግራሙን ከላይብረሪው ጋር ለሚያያይዘው መሣሪያ) የሚሰጡት ትእዛዞች ተጽፈዋል። ይህ ፋይልና ሄደሮቹ የሚመጡት ደግሞ ለብቻው በሚጫን፣ ስሙ በ«ዴቭ» በሚያልቅ ፓኬጅ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ይህንኑ መጫን ይበቃል።

ላይብረሪው በእጅ ተገንብቶ «ኦፕት» በሚባለው ማውጫ ሥር ከተቀመጠ ግን፣ ፒኬጂ-ኮንፊግ በነባሪነት ወደዚያ ስለማይመለከት፣ የ«.ፒሲ» ፋይሉ ያለበትን ቦታ «ፒኬጂ ኮንፊግ ፓዝ» በተባለው የኢንቫይሮመንት ተለዋዋጭ (ፕሮግራሞች የሚያነቡት ስም ያለው ቅንብር) ማሳወቅ ያስፈልጋል። ሲሜክ የተባለው የመገንቢያ መሣሪያ የራሱ የፍለጋ ሥርዓት አለው፤ አንድ ጊዜ ያገኘውን አድራሻ በካሽ ፋይሉ ስለሚይዝ፣ ላይብረሪው ቦታ ከቀየረ በኋላም የድሮውን ሙጥኝ ሊል ይችላል (እንዲህ ሲሆን የመገንቢያ ማውጫውን ሰርዞ እንደገና መጀመር ይሻላል ባይ ነኝ)። ግንባታው ተሳክቶ ፕሮግራሙ ሲነሣ ላይብረሪውን ካጣው ጉዳዩ ሌላ ነው፤ በዚያ ጊዜ የሚፈልገው ፕሮግራሙ ሲነሣ ላይብረሪዎቹን የሚያገናኝለት ዳይናሚክ ሊንከር ስለሆነ፣ ከላይ የተጠቀሱት ቅንብሮች አይመለከቱትም።