የልጆች መጽሐፍ ትሬለር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የልጆች መጽሐፍ የሚያሳትሙ ሰዎች አሁን አሁን አንድ ነገር ይጠይቃሉ፦ «ለመጽሐፌ የአኒሜሽን ትሬለር ላሠራ?» ጥሩ ጥያቄ ነው። ትሬለር የምንለው ከመጽሐፉ ሥዕሎች ተነስቶ የሚሠራ አጭር ቪዲዮ ነው። ብዙውን ጊዜ ከ30 ሰከንድ እስከ አንድ ደቂቃ ተኩል ይረዝማል። በቴሌግራም ይላካል፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ ላይ ይወጣል፣ በመጽሐፉ ምረቃ ላይም ይታያል። ነገር ግን ሥራው ገና ሳይጀመር ደራሲውም አኒሜተሩም ይዘዋቸው የሚመጡ ሐሳቦች አሉ። ብዙ ገንዘብ የሚባክነው፣ ጥሩ ሥዕልም የሚበላሸው በነሱ ነው።

«ታሪኩን አሳጥሮ መናገር አለበት»

በብዛት የሚሰማው ይሄ ነው። ሥዕላዊ የልጆች መጽሐፍ በአብዛኛው 32 ገጽ ነው፤ ጽሑፉም ጥቂት ነው። በአንድ ደቂቃ ከዳር እስከ ዳር ከተተረከ የሚቀር ነገር የለም። ልጁ አይቶ ጨርሷል። እናቱ ታዲያ ምን ብላ ትግዛው?

የሥዕላዊ መጽሐፍ ጣዕሙ ገጹ ሲገለጥ ነው። «በሩን ሲከፍት ምን አየ?» ይልና ገጹ ያልቃል። ልጁ መጠበቅ አቅቶት ራሱ ይገልጠዋል። ትሬለሩም ማቆም ያለበት እዚያው ላይ ነው። ባለታሪኩን እንወቀው፤ ምን እንደፈለገና ምን እንዳስቸገረው እንወቅ፤ ይበቃል። በኔ እምነት ከመጽሐፉ ሁለተኛ አጋማሽ አንድም ሥዕል ባይገባ ይመረጣል። በተለይ ሠዓሊው የደከመበትን የመጨረሻውን ትልቅ ሥዕል ለአንባቢው ተዉለት።

«ብዙ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ያምራል»

ሒሳቡን እንየው። ቪዲዮ የሚሠራው በፍጥነት ከሚፈራረቁ ቋሚ ምስሎች ነው፤ እያንዳንዱ ፍሬም ይባላል። በሰከንድ 24 ፍሬም ቢባል አንድ ደቂቃ 1,440 ፍሬም ነው። አንዱን ሥዕል ለሁለት ፍሬም ማቆየት የተለመደ ነው፤ እንደዚያም ሆኖ 720 ሥዕል ይፈለጋል። ይህን ከፍሎ ማሠራት ለአብዛኛው ደራሲ አይታሰብም። ደግሞም አያስፈልግም። የመጽሐፍ ሥዕል ቆሞ እንዲታይ የተሣለ ነው። ሁሉም ነገር ሲወዛወዝ ዓይን ማረፊያ ያጣል፤ የሠዓሊው እጅም ይጠፋል።

አንድ ሥዕል እናስብ። ልጅቷ አጥሩ ጋ ዶሮዋን ታቅፋ ቆማለች። ከኋላዋ ጎጆ አለ፤ ከጎጆው ወዲያ ተራራ። እዚህ ላይ ምን ያህል እንቅስቃሴ ይበቃል? ልጅቷ ዓይኗን አንዴ እርግብ ታደርጋለች። ዶሮዋ አንገቷን ዞር ታደርጋለች። ከጎጆው ጣሪያ ጭስ ቀስ እያለ ይወጣል። ካሜራው ሲጠጋ ከፊት ያለው አጥር ፈጠን ብሎ፣ የሩቁ ተራራ ዘግየት ብሎ ይንቀሳቀሳሉ። ባለሙያዎች ፓራላክስ ይሉታል። ጠፍጣፋው ሥዕል በዚህ ብቻ ጥልቀት ያገኛል። አራት ሰከንድ እንዲህ ከታየ ወደሚቀጥለው ማለፍ ነው።

«ሥዕሉ አለ፤ አኒሜተሩ ያንቀሳቅሰው»

ማተሚያ ቤት የገባው ፒዲኤፍ ለዚህ ሥራ አይመችም። ሁሉም ነገር አንድ ላይ ተጣብቋል። ያቺን ዶሮ ከልጅቷ እቅፍ ለይታችሁ ብታንቀሳቅሷት ከሥሯ ባዶ ቦታ ይቀራል፤ የልጅቷ ቀሚስ እዚያ ላይ ጭራሽ አልተሣለም። ያንን መሙላት ያለበት ሠዓሊው ራሱ ነው። መጽሐፉ ከታተመ በኋላ ሲጠየቅ ደግሞ አዲስ ሥራ፣ አዲስ ክፍያ ይሆናል። ስለዚህ ገና ሥዕሉ ሲታዘዝ ተነጋገሩ፦ ሰው፣ እንስሳ፣ የፊቱና የኋላው ነገር በየሌየሩ፣ ማለትም በየራሱ ንብርብር፣ ተለይቶ ይቀመጥ።

ቀለሙም አንድ ዓይነት አይደለም። ለኅትመት የሚዘጋጀው ሲኤምዋይኬ በሚባለው የማተሚያ ቀለም አሠራር ነው፤ ስክሪን የሚሠራው አርጂቢ በሚባለው የብርሃን ቀለም አሠራር ነው። ሳይስተካከል ከገባ ቀለሙ ይለወጣል። ቅርጹም እንደዚያው። የተገለጠ መጽሐፍ ወደ ጎን ይሰፋል፤ ስልክ ደግሞ ቁመት ነው። ሥዕሉን ከግራና ከቀኝ ከመቁረጥ ከላይ ሰማይ፣ ከታች መሬት ጨምሮ መሣል ይሻላል።

ለሶፍትዌር ብዙ ማውጣት ግዴታ አይደለም። ብሌንደር፣ ክሪታና ኦፕንቱንዝ ሦስቱም በነፃ ይገኛሉ። «ኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) በአንድ ጠቅታ ይጨርሰዋል» የሚሉም አሉ። በዚህ አልስማማም። የልጅቷ ፊት ከአንዱ ትዕይንት ወደ ሌላው ሊለዋወጥ፣ ሥዕሉ ውስጥ ያለው ፊደልም ሊበላሽ ይችላል። መጽሐፉን የገለጠ ልጅ ቪዲዮው ላይ ያያትን ልጅ ነው የሚፈልገው። ሌላ ልጅ ካገኘ ያስተውላል።

«ድምፅ መጨረሻ ላይ ይጨመራል»

ተቃራኒው ነው። ድምፁ መጀመሪያ ይቀዳ፤ እንቅስቃሴው በሱ ልክ ይሠራ። አለዚያ ተራኪው ከሥዕሉ ጋር ሲሯሯጥ ይሰማል። አባባ ተስፋዬ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ለዓመታት ተረት ሲያወሩልን አኒሜሽን አልነበራቸውም። በድምፃቸውና በፊታቸው ስንቱን ልጅ ቁጭ አድርገው አስደመጡት! የዜና አንባቢ ድምፅ እዚህ ቦታ የለውም። ለልጆች ማንበብ የሚወድ፣ «ከዚያስ?» የሚያሰኝ ሰው ፈልጉ። ስቱዲዮ ከሌለ ምንጣፍና ወፍራም መጋረጃ ያለበት ክፍል ይሻላል፤ ባዶ ሳሎን ያስተጋባል።

የጽሑፉን ነገርም እንዳትረሱ። ታክሲ ውስጥ ድምፅ አጥፍቶ የሚያይ ሰው ብዙ ነው፤ ስለዚህ ጽሑፉ ጎላ ብሎ ይውጣ። እንደ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ያለ የግዕዝ ፊደል ያለው ፎንት ምረጡ፤ አለዚያ በፊደል ፈንታ ባዶ ሳጥን ሊደረደር ይችላል። ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ ያደጉ፣ አማርኛ ሰምተው የሚረዱ ግን ፊደል የማያነቡ ልጆችም አሉ። ለነሱ ዋናው ድምፁ ነው።

«ሥዕሉን ከፍዬበታለሁ፤ ሙዚቃውንም ኢንተርኔት ላይ አገኛለሁ»

በኢትዮጵያ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሥራን ወደ ሌላ መልክ መለወጥ ራሱን የቻለ መብት ነው። ሥዕልን ቆራርጦ ቪዲዮ ማድረግ ይህን መብት ይነካል። ከሠዓሊው ጋር በምትፈራረሙት ውል ላይ «ለትሬለር ማዋል ይቻላል» የሚል አንድ መስመር ይኑር። ስሙም ቪዲዮው ላይ ይጻፍለት።

ሙዚቃ ላይ ደግሞ ጥንቃቄው ይበልጣል። «ለንግድ አይውልም» የሚል ፈቃድ ያለው ሙዚቃ ለሚሸጥ መጽሐፍ ማስታወቂያ አይሆንም። ዜማው የጥንት የሕዝብ ዜማ ቢሆንም የተቀዳው ድምፅ ባለቤት አለው። ከዚህ ሁሉ ጣጣ አንድ ዋሽንት ወይም ክራር ተጫዋች ጠርቶ፣ ተገቢውን ከፍሎ፣ አንድ ደቂቃ ማስቀዳት ይቀላል። መጽሐፉም የራሱ ዜማ ይኖረዋል።

«ዩቲዩብ ላይ መጫን እንደማንኛውም ቪዲዮ ነው»

አይደለም። ዩቲዩብ የልጆችን የግል መረጃ ያለ ወላጅ ፈቃድ ሰብስቧል ተብሎ ተከስሶ በ2019 እ.ኤ.አ. ከአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽንና ከኒውዮርክ ግዛት ጋር በ170 ሚሊዮን ዶላር ከተስማማ በኋላ፣ ከጥር 2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለልጆች የተሠራ ቪዲዮ «ለልጆች የተሠራ» የሚል ምልክት ይደረግበታል። ምልክት የተደረገበት ቪዲዮ የአስተያየት መስጫው ይዘጋል። ትሬለራችሁ የሚያናግረው ልጆችን ከሆነ ምልክቱን ማድረግ ግዴታ ነው። ታዲያ «የት ይገኛል?» ብሎ ከሥር የሚጠይቅ ወላጅ አይኖርም፤ መልሱ እዚያው ቪዲዮው ውስጥ መገኘት አለበት። ገዢው ወላጅ ስለሆነ ለሱ ብቻ ሌላ አጭር ቪዲዮ መሥራትም ይቻላል፦ ደራሲዋ መጽሐፉን ይዛ፣ ጥቂት ገጾች እየገለጠች፣ ለስንት ዓመት ልጅ እንደሚሆን ስትናገር።

«ከተለቀቀ ራሱ ይሸጣል»

የመጨረሻዎቹን አምስት ሰከንዶች ለሽፋኑ፣ ለደራሲውና ለሠዓሊው ስም፣ ለዋጋውና ለመሸጫ ቦታው ስጡ። ሰው ስክሪንሾት አንስቶ እንዲያስቀምጠው ምስሉ አይንቀሳቀስ። ውጭ አገር የሚላክ ከሆነም ይጻፍ። ለቴሌግራም ኤምፒ4 ሆኖ መጠኑ ቀነስ ያለ ቅጂ አዘጋጁ፤ ዳታ ውድ ነው። የሚለቀቅበት ቀን ደግሞ መጽሐፉ መደብር ከገባ በኋላ ይሁን። ዛሬ ልጇ የወደደላትን መጽሐፍ ፍለጋ ሄዳ ያጣች እናት ሌላ ቀን ላትመለስ ትችላለች።