ከመገንጠያ ወደ ዋናው አስፋልት፦ የወሎ ሾፌሮች አገባብ

ወሎ ውስጥ «ዋናው አስፋልት» ሲባል ከአዲስ አበባ ወደ መቀሌ የሚዘልቀው መንገድ ነው። ከሚሴን፣ ሐርቡን፣ ኮምቦልቻንና ደሴን ያቋርጣል። ከዚያ በሐይቅ፣ በውጫሌ፣ በመርሳና በወልዲያ አድርጎ ቆቦ ይደርሳል። ይህ ዳሰሳ ከፒስታ፣ ከማደያ፣ ከመናኸሪያ ወይም ከሌላ አስፋልት የመጣ መኪና እዚህ መንገድ ላይ እንዴት እንደሚገባ ይመለከታል። ነገሩ ትንሽ ይመስላል። ግን ጋቢና የተቀመጠ ተሳፋሪ ሳያስበው እግሩን ወለሉ ላይ የሚረግጠው፣ ፍሬን ያለው ይመስል፣ እዚያች ቦታ ላይ ነው።

መንገዱ አብዛኛው ክፍሉ በየአቅጣጫው አንድ መስመር ብቻ አለው። በ2007 ዓ.ም. በተመረቀው የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ላይ ገቢው መኪና ፍጥነቱን የሚያነሳበት የተለየ መስመር አለ። ወሎ ላይ ይህ የለም። ገቢው ከቆመበት ነው የሚነሳው። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚበር መኪና በአንድ ሰከንድ 22 ሜትር ያህል ይሄዳል። የተጫነ ባለተሳቢ አስፋልቱን ተሻግሮ መስመሩን እስኪይዝ አሥር ሰከንድ ቢፈጅበት፣ ያኛው 220 ሜትር ቀርቧል ማለት ነው። ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ደግሞ 220 ሜትር አሻግሮ ማየት ራሱ ቅንጦት ነው።

ሕጉ ግልጽ ነው። ከመጋቢ መንገድ የሚመጣ በዋናው መንገድ ላይ ላለው ቅድሚያ ይሰጣል። ጫፉን ወደ ታች ያዞረው ሦስት ማዕዘን «ቅድሚያ ስጥ» ይላል፤ ስምንት ማዕዘኑ «ቁም» ይላል። ከዚያ በኋላ ያለው ልማድ ነው።

የመንገዱ ታሪክ

ብዙ ሰው «ጣልያን የሠራው መንገድ» ይለዋል። እርግጥ ድልድዩን፣ ግንቡንና አስፋልቱን በሰፊው የሠራው በወረራው ዘመን ጣልያን ነው። ነገር ግን ከደሴ ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው የመኪና መንገድ ከዚያ በፊትም ነበር። ፈሩን የቀደደው የአገር ሰው መሆኑ ሊረሳ አይገባም። የጣልያን ጦር ሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ከደሴ ተነስቶ ወደ አዲስ አበባ ሲሄድም የሄደው በዚሁ መንገድ ነው። ከ1,500 በላይ መኪኖች ነበሩት። ዝናብና ጭቃ ነበር፤ ጣርማ በር ላይም መንገዱ ተንዶ ጠበቀው። አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን ነው። ይህ መንገድ ያን ያህል መኪና በአንድ ሰልፍ ሲያይ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። ሰልፉ ማንንም አላስገባም፤ ማንም እንዲያስገባው አልጠየቀም።

ወረራው አምስት ዓመት ነው የቆየው። ቃላቱ ግን እስካሁን ጋቢና ውስጥ አሉ። መኪና፣ ፍሬን፣ ማርሽ፣ ካምቢዮ፣ ክላክስ፣ ፍሬቻ፣ ስፖኪዮ፣ ስፖንዳ፣ ባላስትራ፣ ቦቴ፣ ጎሚስታ፣ ፒስታ፦ ሁሉም የጣልያንኛ ዘር ናቸው። ፍሬቻ በጣልያንኛ «ቀስት» ማለት ነው። የደሴ ጎረምሳ ሾፌር ፍሬቻውን ሳያሳይ ሲወረወር ሳይ፣ ቀስቱ ራሱ መኪናው ነው እላለሁ።

በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመና መንገዱ ባለቤት አገኘ። በደርግ ዘመን ቻይናዎች ወልዲያን ከወረታ ጋር አገናኙ። እስከ 1990 ዓ.ም. ድረስ ደግሞ የኮምቦልቻ መገንጠያ የአሰብ መንገድ ነበር። የኤርትራ ጦርነት ሲነሳ አሰብ ቀረ፤ ጭነቱ በጅቡቲ ሆነ። በሚሌና በባቲ በኩል የሚመጣው ከባድ መኪና ግን ዛሬም እዚያው ኮምቦልቻ ላይ ነው ዋናውን መንገድ የሚቀላቀለው። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት መንገዱ ለወራት ተዘግቶ ነበር።

ምልክትና ንግግር

አገባቡን የሚወስነው ከፍሬቻው ይልቅ ረዳቱ ነው። የሚኒባስ ረዳት ግማሽ አካሉን በመስኮት አውጥቶ መዳፉን ይዘረጋል። መዳፉ ወደ ታች እያለ ቀስ ብሎ ከተወዛወዘ «አንዴ ታገሠን» ነው። እጁ ወደ ፊት ከተወረወረና በሩ ሁለቴ ከተመታ ለራሱ ሾፌር «ሳበው!» ማለቱ ነው። በዋናው መንገድ ላይ ያለው ሾፌር የሚያየው ያንን እጅ ነው። ፍሬቻ ይረሳል፣ ይቃጠላል፣ ሳይጠፋም አሥር ኪሎ ሜትር ይሄዳል። እጅ ግን የሰው ነው፤ ይታመናል።

የመብራት ነገር አከራካሪ ነው። ረጅም መብራት ብልጭ ሲደረግ ምን ማለት ነው? የከባድ መኪና ሾፌሮች «መጣሁ፣ እንዳትገባ» ማለት ነው ይላሉ። የከተማ ሚኒባስ ሾፌሮች «ግባ» ማለት ነው የሚሉ ብዙ ናቸው። ለሦስተኛ ወገን ደግሞ «ፊት ለፊት ትራፊክ አለ» ነው። እኔ በራሴ ደርሶብኛል። ሐይቅ መውጫ ላይ አንድ አይሱዙ ብልጭ አደረገልኝ። አመስግኜ ገባሁ። የክላክሱ ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ ሁለት ቀን ሰነበተ። ከዚያ ወዲህ መብራት አላምንም፤ ጎማው ዝግ ሲል ሳላይ አልገባም። ትክክለኛው ትርጉም «መጣሁ» ነው፤ ሌላው የሰነፍ ትርጉም ነው።

አንዴ አስፋልቱ ከተያዘ በኋላ ሌላ ቋንቋ አለ። ዳገት ላይ የሚያዘግመው ከባድ መኪና የቀኝ ፍሬቻ ካሳየ ለኋለኛው «እለፍ፣ ፊቱ ነፃ ነው» ማለቱ ነው። የግራው «ቆይ፣ የሚመጣ አለ» ነው። መንጃ ፈቃድ ፈተና ላይ አይጠየቅም። ያልገባው ሾፌር ግን የግራውን አይቶ «ሊታጠፍ ነው» ብሎ ይናደዳል።

ክላክስም እንደ ቦታው ነው። አጭር አንዴ ከሆነ ሰላምታ ወይም ምስጋና ነው፤ ረጅም ከሆነ ስድብ። የወሎ ሾፌር ረጅሙን አያበዛም። ወሎ ገራገሩ መባሉ ያለ ነገር አይደለም። ከጎን የቆመ ሽማግሌ ሾፌር ካየ ፍጥነቱን ቀንሶ «አብሽር፣ ግባ!» የሚለው አሁንም ብዙ ነው። የሚያስቸግረው፣ እንደ አገሬው አስተያየት፣ «አአ» ታርጋ ያለው ቸኳይ ነው። ይህ አስተያየት ትንሽ አድልዎ ሳይኖረው አይቀርም። የእኛም ባጃጆች የመንገዱን ጠርዝ ይዘው በተቃራኒ አቅጣጫ እየመጡ ሲቀላቀሉ ማየት ብርቅ አይደለም።

ኮምቦልቻና ሐረጎ

ከሁሉ ውስብስቡ ኮምቦልቻ ነው። የባቲው መንገድ፣ የደሴውና የአዲስ አበባው እዚያ ይገናኛሉ። ደረቅ ወደብ አለ፤ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክም አለ። «ኢት» ታርጋ ያለው ባለተሳቢ፣ የፋብሪካ ሰርቪስ፣ ባጃጅና ጋሪ እኩል ይጋፋሉ። ያልተጻፈው ደንብ ክብደት ነው፦ ባለተሳቢው አንዴ ከተነሳ አይቆምም፤ ሌላው ይቆምለታል። ሰኞ ሰኞ የባቲ ገበያ ስለሆነ መጨናነቁ ከማለዳ ይጀምራል። በባቲ መንገድ ላይ ግመልም ቅድሚያ አለው። ግመል ክላክስ አይሰማም፤ ቢሰማም አይቸኩልም።

ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚህ አጭር ርቀት መንገዱ 600 ሜትር ያህል ሽቅብ ይወጣል፤ ዳገቱ ሐረጎ ነው። እዚህ ላይ ልማዱ ከኮምቦልቻው ይለያል። ዳገቱን ለሚወጣው ነው ቅድሚያ የሚሰጠው፤ የተጫነ መኪና ዳገት ላይ ከቆመ መልሶ ማንቀሳቀስ ስለሚከብድ። ከጎን መንገድ የሚገባ ሚኒባስም የሲኖ ትራክ ጅራት ይጠብቃል። ሲኖው በአንደኛ ማርሽ ሲያዘግም ኋላው የተሰለፈው ሁሉ ቀዝቅዟል፤ ያኔ መግባት ይቀላል። የሚወርደው ግን በፍሬን ነው የሚኖረው፤ እሱ ፊት ገብቶ መቆም አይደፈርም።

ከደሴ በስተሰሜን ነገሩ ቀለል ይላል። ሐይቅ ላይ የቢስቲማ መንገድ፣ ወልዲያ ላይ የጋሸናና የላሊበላ መንገድ ይገባል። ወልዲያ ከተማ መሀል ስለሆነ ሁሉም ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው።

በክረምት ሐረጎ ላይ ጉም ሲወርድ ሁሉም ምልክት ከንቱ ይሆናል። ፍሬቻም መብራትም እጅም አይታይም። ያኔ ረዳቱ ከመኪናው ይወርዳል። አንገቱ ላይ የጠመጠመውን ፎጣ ፈትቶ እያውለበለበ አስፋልቱ ዳር ይቆማል። ከታች የሚመጣ ሞተር ድምፅ አለመኖሩን በጆሮው ያዳምጣል። ከዚያ «ና፣ ና፣ ና!» ይላል፤ ሾፌሩም መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ወደ ድምፁ ይነዳል።