«ዋና የሚችል አይሰጥም» እና ሌሎች ውሃ ዳር የምንሰማቸው ስህተቶች

ክረምቱ ሲወጣ የጎንደር ሰው ጎርጎራ መውረድ ይጀምራል። መንገዱ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ጠዋት ሄዶ ማታ ቤት መግባት ይቻላል። ጣና ላይ በጀልባ ዞር ዞር ይባላል፤ ገዳማት ይሳለማሉ፤ ወንዝ ከሐይቁ ጋር እስከሚገናኝበት ድረስ ሄዶ ጉማሬ የሚያይም አለ። ጀልባ ተገለበጠ ወይም ሰው ወንዝ ወሰደው የሚል መርዶ ሲመጣ ግን ለቅሶ ቤት የሚነገረው ነገር ሁሌ አንድ ዓይነት ነው። አብዛኛው ትክክል አይደለም። ሰው የሚያስበላንም እሱው ነው።

«ዋና የሚችል ሰው አይሰጥም።»

ዋና መቻል ትልቅ ነገር ነው፤ ልጆቻችንንም እናስተምራቸው። ነገር ግን በጥምቀት ፋሲለደስ መዋኛ ውስጥ ዘሎ የሚገባ ጎረምሳ የለመደው የቆመ ውሃ ነው። ትንሽ ከዋኘ ግንቡን ይይዛል። ወንዝ ግን ይገፋል። የውሃው ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የሚገፋበት ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል። በ1968 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ ጦር ቡድን ዓባይን በጀልባ ሊወርድ መጥቶ ነበር። ወቅቱ ወንዙ የሞላበት ክረምት ነበር። ከአባላቱ አንዱ ገባር ወንዝ ሲሻገር ሰጥሞ ሞተ። የሠለጠነ ወታደር እንኳ እንዲህ ከሆነ፣ ጫማና ጃኬት ለብሶ ድንገት ውሃ ውስጥ የወደቀ ሰው ምን ይሆናል?

«ላይፍ ጃኬቱ ወንበር ሥር አለ፤ ካስፈለገ እንለብሰዋለን።»

ጀልባ ሲገለበጥ ጊዜ አይሰጥም። ውሃ ውስጥ ሆኖ ይህን የሚያንሳፍፍ ጃኬት መልበስና ማሰር ደግሞ ለጎበዝ ዋናተኛም ከባድ ነው። ከመነሳታችሁ በፊት ልበሱት፤ እስክትወርዱም አታውልቁት። ለልጅ በልኩ ይፈለግለት። የአዋቂ ጃኬት ሰፊ ስለሆነ ልጁ ከውስጡ ሾልኮ ይወጣል።

እኔን በጣም የሚያሳዝነኝ ይሉኝታችን ነው። ጃኬቱ እንደማይበቃ እያየን፣ ባለ ጀልባው እንዳይከፋው ብለን ዝም እንላለን። «ወንድሜ፣ ለሁላችንም የሚበቃ ጃኬት ከሌለ አንሄድም» ማለት ስድብ አይደለም። «ትንሽ ጠጋ ጠጋ በሉ» ሲባልም እንደዚያው ነው። ከልኩ በላይ የጫነ ጀልባ ጠርዙ ወደ ውሃው ይወርዳል፤ ትንሽ ሞገድ ይበቃዋል። ብዙ ጊዜ የሚገለብጠው ደግሞ የእኛው እንቅስቃሴ ነው። ጉማሬ ታየ ሲባል ሁሉም ስልኩን ይዞ በአንድ ጎን ይቆማል። ተቀምጣችሁ እዩ። ለማየት ብላችሁም ባለ ጀልባውን «ጠጋ በል» አትበሉት፤ ጉማሬ ጀልባ ይገለብጣል።

«ጠዋት ጸጥ ካለ ቀኑን ሙሉ ጸጥ ነው።»

ጣና እንዲህ አይደለም። ፀሐይ ስትበረታ መሬቱ ከውሃው ቀድሞ ይሞቃል፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሳል። ሐይቁ ጥልቅ በሚባልበት ቦታ እንኳ 15 ሜትር ገደማ ነው፤ ስለዚህ ነፋስ ሲነካው ቶሎ ይናወጣል። ጉዞን ጠዋት መጨረስ ይሻላል። የደንገል ታንኳ የሚይዝ ሰው ይህን ጠንቅቆ ያውቃል፤ እሱ «ዛሬ አይሆንም» ካለ አትከራከሩት።

«እዚህ ካልዘነበ ወንዙ አይሞላም።»

የመገጭ ወንዝ የሚነሳው ከጎንደር በላይ ካለው ደጋ ነው። ከዚያ ወደ ደምቢያ ሜዳ ወርዶ ጣና ይገባል። ላይ ሲዘንብ ታች ያለው ሰው ራሱ ላይ ፀሐይ ሊሆን ይችላል። ውሃው ድንገት ከደፈረሰ፣ ጭራሮና ቅጠል ይዞ ከመጣ፣ ከላይ ጉምጉምታ ከተሰማ ዕቃ ለመሰብሰብ አትቆዩ። ወዲያው ወደ ከፍታ ውጡ።

«ጀልባው ከተገለበጠ ጥለኸው ወደ ዳር ዋኝ።»

ይህ ምክር ብዙ ሰው ያስጨርሳል። ውሃ ላይ ሆኖ ሲታይ ዳሩ ሁሌ ቅርብ ይመስላል። የተገለበጠ ጀልባ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አይሰጥምም፤ ይንሳፈፋል። ሐይቅ ላይ ከሆናችሁ እሱን ያዙ፤ ልጆቹን ወደ እሱ ሰብስቡ። ለማዳን የሚመጣ ሰውም ከአንድ ጭንቅላት ይልቅ ጀልባውን ቀድሞ ያያል።

ወንዝ ላይ ግን ጥንቃቄ ይጨመርበታል። ጀልባው በሚሄድበት በኩል ከፊቱ አትሁኑ፤ ከድንጋይ ጋር ያጣብቃችኋል። ከኋላው፣ ውሃው በሚመጣበት በኩል ሁኑ። ጀልባው ካመለጣችሁ በጀርባችሁ ተንጋለሉ፤ እግራችሁን ወደምትሄዱበት አስቀድሙ፤ ቀስ እያላችሁ በሰያፍ ወደ ዳር ተጠጉ። ኃይለኛ ውሃ ውስጥ ለመቆም አትሞክሩ። እግር ድንጋይ መሃል ከገባ ውሃው ሰውየውን ደፍቶ ይይዘዋል።

«የሚሰጥም ሰው ይጮኻል።»

ትንፋሽ ያጠረው ሰው አይጮህም። አፉ ውሃው ላይ ብቅ ጥልቅ ይላል፤ እጁም ውሃውን ይጫናል እንጂ አይውለበለብም። ልጅ ድንገት ዝም ካለ እዩት። ስታዩት ደግሞ ዘላችሁ አትግቡ፤ የጨነቀው ሰው ያገኘውን አንቆ ይይዛል፤ ሁለት ሬሳ ይሆናል። ገመድ፣ ረጅም ዱላ ወይም ጋቢ ዘርጉለት። ክዳኑ የተዘጋ ባዶ ጀሪካን ወርውሩለት፤ የ20 ሊትሩ አንድ ሰው በደንብ ያንሳፍፋል።

«ወንዙ በየዓመቱ ሰው ይበላል።»

ያዘነን ሰው እምነት መንካት አልፈልግም። ነገር ግን በየዓመቱ ሰው የሚወሰድበት ቦታ የሚታይ ምክንያት አለው፤ ከድንጋይ በታች አዙሪት አለ፣ ወይም ድንገት የሚጠልቅ ጉድጓድ አለ፣ ወይም መሻገሪያው እዚያ ብቻ ነው። ቦታው ከታወቀ ምልክት ይደረግበት፤ እረኞቹም ይነገራቸው።

«ዘቅዝቀው፤ ውሃው ይውጣለት።»

አይዘቅዘቅ፤ ሆዱም አይጨመቅ። የጎደለው አየር ነው፤ በዚህ የሚባክነው ደቂቃ ሕይወቱ ነው። የማይተነፍስ ከሆነ በጀርባው አስተኙት። አገጩን ቀና አድርጉ፤ አፍንጫውን ይዛችሁ በአፉ ትንፋሽ ስጡት። ከዚያ ደረቱን መሃል ላይ 30 ጊዜ በፍጥነትና በጉልበት ተጫኑ፤ 2 ትንፋሽ ስጡ፤ እርዳታ እስኪደርስ ደጋግሙ። ነፍስ ዘርቶ ቢነሳና «ደህና ነኝ» ቢልም ሐኪም ቤት ውሰዱት። ሳንባ ውስጥ የገባ ውሃ ከሰዓታት በኋላም ትንፋሽ ሊያሳጥር ይችላል።