የቀፎ ፍጥነት ምንድን ነው?

ሐዋሳ አሞራ ገደል ቁጭ ብላችሁ የዓሣ አጥማጆቹን ጀልባ ልብ ብላችሁ አይታችሁ ታውቃላችሁ? በዝግታ ስትቀዘፍ ውሃው ላይ ትንሸራተታለች። ቀዛፊው ሲጣደፍ ግን አፍንጫዋ ሥር ሞገድ ይነሳል፤ ጉልበቱን እጥፍ ቢያደርግም ፍጥነቷ እጥፍ አይሆንም። ፍጥነቷ እየቀረበው ያለው ጣሪያ የቀፎ ፍጥነት ይባላል። (ቀፎ ስል የጀልባዋን ገላ ነው፤ የንቡንም የስልኩንም አይደለም።)

ጀልባ የምታነሳው ሞገድ አብሯት ይጓዛል። በፈጠነች ቁጥር ከአንዱ የሞገድ ጉብታ እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት ይረዝማል። ርቀቱ ከርዝመቷ ጋር ሲስተካከል አፍንጫዋ አንዱ ጉብታ ላይ፣ ጭራዋ ሌላው ላይ ይሆናል። ከዚህ በላይ ልፍጠን ካለች ጭራዋ ጎድጓዳው ውስጥ ይገባና ራሷ የሠራችውን ዳገት መውጣት ይሆንባታል። ስሌቱ ቀላል ነው፦ ውሃ ላይ ያረፈውን ርዝመት በሜትር ወስዶ ስኩዌር ሩቱን በ4.5 ማባዛት። ለ4 ሜትር ጀልባ በሰዓት 9 ኪሎ ሜትር፣ ለ9 ሜትር ደግሞ 13.5 ይመጣል። ርዝመቱ ከእጥፍ በላይ አድጎ ፍጥነቱ የጨመረው በግማሽ ብቻ ነው።

ባለሁለት ቀፎዋ ካታማራን ግን ይህን ስሌት ታፈርሰዋለች። እ.ኤ.አ. ከ1976 እስከ 2008 በኦሊምፒክ የተወዳደረችው ቶርናዶ ርዝመቷ 6.1 ሜትር ነው፤ በስሌቱ ጣሪያዋ 11 ኪሎ ሜትር ግድም ነበር። ጥሩ ነፋስ ስታገኝ ከዚያ እጥፍ በላይ ትሄዳለች። ምሥጢሩ ቅጥነት ነው። የቀፎው ርዝመት የወርዱን 10 እጥፍ ያህል ሲሆን ውሃውን እንደ ቢላ ይሰነጥቃል፤ የሚያነሳው ሞገድ ትንሽ ስለሆነ ዳገቱም ያን ያህል አያስቸግርም። እንዲህ የቀጠነ ቀፎ ለብቻው ሸራ ቢሸከም በቀላሉ ይገለበጣል፤ ሁለቱን አራርቆ ማሰር ያስፈለገው ለዚህ ነው።

ታዲያ ለምን ዝም ብሎ አያስረዝሙትም? ሐይቁ ጸጥ ባለበት፣ ነፋስ በሌለበት ጠዋት ዋናው ጠላት ሞገድ ሳይሆን ሰበቃ ነው። ውሃ የሚነካው ገላ በሰፋ ቁጥር ሰበቃው ይበዛል። የቀፎውን ሥር እንደ ግማሽ ክብ የሚያደርጉትም ይህን ለመቀነስ ነው።

የአሞራ ገደሏ ጀልባ ወፍራም መሆኗ ግን ጥፋት አይደለም። ቀጭን ቀፎ ጭነት ሲበዛበት ወደ ውስጥ ይሰምጣል፤ እሷ መረቡንና ቆሮሶ ዓሣውን ተሸክማ መመለስ አለባት።